የመቀናጆው ምስክር

ፈረሱ የራሱ አልነበረም። ሙሉሰው በሬ ሲነዳ ያደገ ሰው ነው፤ በአርባ አራት ዓመት ዕድሜው ኮርቻ ላይ የወጣው ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ነበር፤ ያም ቀስ እያለ በሚሄድ አሮጌ ፈረስ። ዛሬ ግን ከሥሩ የሚንደረደረው የግራዝማች ወርቅአየሁ ዳማ ነው፤ ሽማግሌው ለጥምቀት ጉግስ እንኳ ለገዛ ወንድማቸው ልጅ ከልክለውት የኖሩት ፈረስ። ጧት ራሳቸው ኮርቻውን ጭነው፣ ልጓሙን አስይዘውት፣ "ውጣ! መኪኖቹ ስድስት ሰዓት ላይ ይነሣሉ ተብሏል። ፈረሱ ቢሞት ይሙት" አሉት። ግራዝማች ስለ ዳማ እንዲህ ሲናገሩ የሰማ ሰው ለነገሩ ክብደት ሌላ አስረጅ አያስፈልገውም።

ታኅሣሥ 1977 ዓመተ ምሕረት ነው። ውርጩ ከሣሩ ላይ ገና አልለቀቀም፤ ገብሱ ታጭዶ የተነሣበት ማሳ ሁሉ ነጭ ለብሷል። ሙሉሰው የጥርባን ሐይቅ አልፎ ወደ ዘንገና የሚያወጣውን መንገድ እስኪይዝ ድረስ እርካቡ ሁለት ጊዜ ከእግሩ ወልቋል። መንገድ ላይ ያገኙት ሰዎች ከፈረሱ ፊት እየሸሹ "ምነው? ማን ሞተ?" ይሉታል። "ማንም አልሞተም" እያለ ያልፋል። "ገና ነው" የሚለው ቃል ግን ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ይመለስ ነበር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የቀርቀሃ ሜዳ ገበሬ ማኅበር አብዮት ጥበቃዎች አሥራ አንድ አባወራ ከነቤተሰቡ ሰብስበው ወደ እንጅባራ ወስደዋል። ከእንጅባራ በመኪና ይጫናሉ፤ የሚወርዱት በለስ ቆላ ነው። ሰፈራ ይሉታል። ከአሥራ አንዱ አባወራ አንዱ ምህረቴ ነው። ምህረቴን ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፤ ይኸው ፈረስ የሚጋልበው ሙሉሰው ነው።

ጠላቱ ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት። አበልጁ ነው። የምህረቴን የሦስት ወር ሕፃን በአርባ ቀኑ ክርስትና ያነሣው ራሱ ሙሉሰው ነው። ምህረቴና ሚስቱ እቴናት ከዚያ በፊት ሁለት ልጅ ቀብረዋል፤ ለዚህ ነው ይህን ቢያድግልኝ ያሉት። ከአበልጅነቱም በፊት ሁለቱ ሰዎች መቀናጆ ነበሩ። ሙሉሰው አንድ በሬ አለው፤ ዳልቻ ይባላል። ምህረቴም አንድ በሬ አለው፤ ቦራ ይባላል። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ በአንድ ቀንበር እየጠመዱ አንድ ቀን የዚህን፣ አንድ ቀን የዚያን እያረሱ አሥራ አንድ ክረምት አሳልፈዋል። በነዚያ ዓመታት ውስጥ አንድም ቀን "ያንተ ተራ ነው፣ የኔ ተራ ነው" ተባብለው አያውቁም። ጎረቤቱ እንደ ምሳሌ የሚያነሣቸው እነሱን ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በደግ ቀን ነው። እንዲህ ነበር።

ጥቅምት ላይ ጓድ ዓለምነው የሚባል ካድሬ ወደ ቀርቀሃ ሜዳ መጣ። የዳንግላ ልጅ ነው፤ ሰማያዊ ካኪ የለበሰ፣ ጸጉሩን ያጎፈረ፣ ሠላሳ ያልሞላው። እንደ ሌሎቹ መፈክር አስጩኾ፣ መዋጮ ጠይቆ የሚሄድ መስሏቸው ነበር። እሱ ግን ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ካለው ዋንዛ ሥር ቆሞ፣ "ለመሆኑ ግብሩ ትክክል ነው?" ብሎ ጠየቃቸው።

መንግሥት እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም።

"ሁለት ጥማድ በሬ ያለውም፣ አንድም በሬ የሌለውም እኩል ነው የሚከፍለው" አለ ዓለምነው። "የእናት አገር መዋጮውም እኩል፣ የድርቅ መርጃውም እኩል። ይሄ ፍትሕ ነው ወይ? ተወያዩበትና እናንተው አስተካክሉት። የምትስማሙበትን እኔ ለበላይ አቀርባለሁ።"

ሦስት ቀን ተወያዩ። የመጀመሪያውን ቀን ሳል ብቻ ነበር። በሁለተኛው ቀን አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ተነሥታ፣ "ባለፈው ዓመት ግብር ለመክፈል የልጄን ጋቢ ሸጫለሁ" አለችና ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ አፍ ሁሉ ተከፈተ። ሰው ሦስት ደረጃ ይሁን ተባለ፤ ጥማድ በሬና ከዚያ በላይ ያለው አንደኛ፣ አንድ በሬ ያለው ሁለተኛ፣ በሬ የሌለው ሦስተኛ። ሦስተኛው ለጊዜው ከግብር ነፃ ይሁን፤ የሱን ድርሻ አንደኞቹ ይሸከሙለት። አንደኞቹ ጥቂት አጉረመረሙ፤ ግን የሴትዮዋ ጋቢ በሁሉም ዓይን ላይ ነበርና ተስማሙ።

ችግሩ ማን ምን እንዳለው ማን ይናገር የሚለው ሆነ። ቀርቀሃ ሜዳ ውስጥ የገዛ ከብቱን በአደባባይ የሚቆጥር ሰው የለም፤ ከብቱን የማይወድ ካልሆነ በቀር። "የለኝም" ብሎ በጉባኤ የሚናገርም የለም፤ ሚስትና ልጅ ካላሳፈረ በቀር። ሽማግሌዎቹ ሲመካከሩ ቆይተው መላ አመጡ። ማንም ስለ ራሱ አይናገር፤ ስለ እያንዳንዱ ሰው የወንፈል ጓደኛው ይመስክርለት። አብሮት ያረሰ፣ አብሮት ያጨደ፣ ጎተራውን ያውቀዋል፤ ሰውየውም አያፍርም። ዓለምነው ይህን ሲሰማ ከተቀመጠበት ተነሥቶ አጨበጨበ። በደብተሩም ላይ ረጅም ነገር ጻፈ።

የተቃወሙት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ግራዝማች ወርቅአየሁ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ስሙኝ" አሉ። "በስድሳ ዓመተ ምሕረት ግብር አንከፍልም ብለን የሸፈትን ጊዜ እኔ ጫካ ነበርሁ። አውሮፕላን ነው የላኩብን። ያን ጊዜ መንግሥት ሊያስገድደን የፈለገው ምን ነበር? ያለንን እንድናስቆጥር ነው። እናንተ ዛሬ ማንም ሳይደበድባችሁ ልታስቆጥሩ ነው። ቤታችሁን ለመንግሥት አትዘርዝሩ። ምን ያህል ሀብታም እንደሆናችሁም፣ ምን ያህል ድሃ እንደሆናችሁም አይወቅ።"

"ጓድ ወርቅአየሁ፣ ያ የፊውዳሉ ዘመን ነው" አለ ዓለምነው በትሕትና።

"ጓድ የምትለው ማንን ነው? እኔ ግራዝማች ነኝ።"

ሰው ሳቀ። ግራዝማች ትልቁ መሬታቸው ከተወሰደባቸው ወዲህ ማዕረጋቸውና ፈረሳቸው ብቻ ናቸው የቀሯቸው። ተራቸው ደርሶ የወንፈል ጓደኛቸው "ግራዝማች በሬ የላቸውም፤ ሦስተኛ ይሁኑ" ብሎ ሲመሰክርላቸው ግን ከዘራቸውን ነቀነቁበት። "ማን ነው ድሃ? ፈረሴን አታዩትም? ሁለተኛ በለኝ! ለማንም ሰው ጫንቃ ሸክም አልሆንም!" አሉ። አሁንም ተሳቀ። ሽማግሌው ለኩራታቸው ግብር ሊከፍሉ ነው ተባለና ሁለተኛ ደረጃ ተጻፉ።

ያን ቀን ጧት ወደ ስብሰባው ሲሄዱ ሙሉሰው ለምህረቴ ሐሳቡን ነግሮታል። የምህረቴን ገብስ በረዶ መትቶታል፤ እቴናት ወልዳለች፤ ያለፈውን ዓመት ግብር ገና አልከፈለም፤ ሊቀመንበሩ ሀብቱም "በሬህን አሸጥሃለሁ" እያለ ያስፈራራዋል። ቦራ ከተሸጠ ምህረቴ አለቀለት።

"ቦራም የኔ ነው እላለሁ" አለው ሙሉሰው። "አንተ ሦስተኛ ትሆናለህ። እኔ ያው የጥማዱን እከፍላለሁ፤ ብትችል በጉልበት ታግዘኛለህ፤ ባትችልም ግድ የለም።"

"ኧረ ተው አበልጄ፣ በሕዝብ ፊት ውሸት ነው።"

"መንግሥት አንድ በሬ ቢሳሳት አይደኸይም!" ብሎ ሙሉሰው ሣቀበት።

ተራው ሲደርስም በዋንዛው ሥር ቆሞ፣ "ምህረቴ በሬ የለውም። የሚያርሰው በኔ ጥማድ ነው" አለ። አርባ ሰው ቦራ የማን እንደሆነ ያውቃል። አርባው ሰው ዝም አለ። ምክንያቱም እያንዳንዱ ለጓደኛው እንደዚያው አድርጓል። ያን ቀን ከቀርቀሃ ሜዳ ስንት በሬ፣ ስንት ላም እንደጠፋ እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው። ሰው ጓደኛውን ለማደኽየት እንዲህ የተሽቀዳደመበት ቀን ታይቶ አይታወቅም። ማታ ማታ በየቤቱ የሚሣቀው ይኸው ነበር። ከዝርዝሩ ሥር ሁሉም አውራ ጣቱን ቀለም እየነከረ ተጫነ፤ ሙሉሰውም ስለ ምህረቴ ከሰጠው ምስክርነት ሥር አሻራውን አኖረ።

ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ትእዛዝ መጣ፤ ከየገበሬ ማኅበሩ አሥራ አንድ አባወራ ለሰፈራ ይቅረብ፤ ቅድሚያ በሬ ለሌላቸውና ግብር ለማይከፍሉ። ሌላው ቀበሌ ማንን እንላክ ብሎ ሲጨቃጨቅ ሳምንት ፈጀ። ቀርቀሃ ሜዳ ላይ ጭቅጭቅ አላስፈለገም። ሀብቱ ዝርዝሩን ከመሳቢያው አወጣና አነበበው፤ ሦስተኛ ደረጃ ልክ አሥራ አንድ ነበር።

ሙሉሰው እንጅባራ ሲደርስ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ሰዎቹ የተያዙት በአንድ የእህል መጋዘን ግቢ ውስጥ ነው። ከበሩ ውጭ አራት የጭነት መኪና ኋላቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ቆመዋል። ዳማን ከአጥሩ ባሕር ዛፍ ላይ አሰረው። በሩ ላይ ሊቀመንበር ሀብቱ ጠመንጃውን አንግቦ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ቆሟል፤ ያስረከባቸውን ሰዎች ፊት ላለማየት ጀርባውን ለግቢው ሰጥቷል።

"ምን ልትሠራ መጣህ?" አለው።

"አስገባኝ፣ ሀብቱ። ካድሬውን ላናግረው።"

"ምን ልትለው?"

"ዋሽቻለሁ ልለው።"

ሀብቱ ግራ ቀኙን አየ። "እብድ ነህ እንዴ? አንተ ዋሸሁ ካልህ ሁሉም ዋሸ ማለት ነው እኮ። እኔም ያን ጊዜ አውቄ ዝም ብያለሁ። ሁላችንንም ልታስበላን ነው?"

"እኔ የምናገረው ስለ አንድ በሬ ነው። ስለ ሌላው አላወራም።"

ሀብቱ ለጥቂት ጊዜ አፈጠጠበትና መንገድ ለቀቀለት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፤ በዚያ ዘመን ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ብዙ አልነበረም።

ግቢው ውስጥ ሰው በየሰፈሩ ተከፋፍሎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ድስት፣ ቁርበት፣ በገመድ የተጠፈረ ዶሮ፣ ማሰሮ። ልጆቹ ብቻ ናቸው መኪና የሚያዩት ደስ ብሏቸው። ከመጋዘኑ በር ላይ ጠረጴዛ ተቀምጦ ዓለምነው ስም ይጠራል፤ የተጠራው አባወራ ተሰልፎ ይጠብቃል። ምህረቴ ከሰልፉ ሦስተኛው ነበር። ሙሉሰውን ሲያይ ፊቱ ፈካ።

"መጣህ!" አለው። "ብያለሁ እኮ፣ እቴናት! አበልጄ ይመጣል አላልሁሽም?"

እቴናት ከግድግዳው ሥር ሕፃኑን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችው እንጂ አልመለሰችም። ሙሉሰው ያን ዓይን ሲያይ ምን እንዳሰበች ገባው። ምህረቴ ከሄደ ቦራ የማን ነው? በአደባባይ የተመሰከረለት፣ አሻራ የተጫነለት የሙሉሰው ነው። ሆን ብሎ ቢያቅደው እንኳ እንዲህ አይሰምርለትም ነበር። እቴናትን ሊቆጣት አልቻለም። በሷ ቦታ ቢሆን እሱም እንደዚያው ያስብ ነበር።

ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ዓለምነው ከጥቅምት ወዲህ ከስቷል። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ ለብዙ ቀን ያልተኛ ይመስላል።

"ጓድ፣ እኔ ሙሉሰው ነኝ። ከቀርቀሃ ሜዳ።"

"አውቅሃለሁ። ባለ ጥማዱ።"

"ጥማድ የለኝም። አንድ በሬ ነው ያለኝ። ሌላው የምህረቴ ነው። ግብሩ ይቅለለው ብዬ ዋሽቼ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ነው እሱ። ከዚህ ዝርዝር ይውጣ፤ እኔን የምትቀጡኝን ቅጡኝ።"

ዓለምነው እርሳሱን አስቀመጠ። ወረቀቱን አየ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

"ያን ውይይት እኔ ነበርሁ ያመጣሁት" አለ። "ከሁሉም ቀበሌ የናንተን አብልጬ ነበር ሪፖርት ያደረግሁት። ሕዝቡ ራሱ ግብሩን አስተካከለ ብዬ። ዝርዝሩን ለዚህ ይፈልጉታል ብዬ... ተወው።" ቀና አለ። "ስለ ውሸትህ አልጠይቅህም። አልሰማሁም ልልህ እችላለሁ። ቁጥሩን ግን ልተውልህ አልችልም። አሥራ አንድ ተብሎ ተልኳል። አሥር ባስረክብ እዚያ መኪና ላይ የምወጣው እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"በሱ ቦታ ሌላ አባወራ። አንተ አንድ በሬ ነው ያለኝ ካልህ ራስህ ትሆናለህ። ምህረቴ ተሠርዞ ሙሉሰው ይጻፋል። ፈረስ ይዘህ መጥተሃል አሉኝ፤ ቤተሰብህን ይዘህ እስከ ስድስት ሰዓት ትደርሳለህ።" እርሳሱን አነሣና የምህረቴ ስም ላይ አስጠጋው። "ልሠርዘው?"

ሙሉሰው ከቤቱ ሲነሣ ለብዙ ነገር ተዘጋጅቷል። ለጥፊ፣ ለእሥራት፣ በሕዝብ ፊት ለመዋረድ። በመንገድ ላይ እንዲያውም ለሞትም ራሱን ሲያዘጋጅ ነበር። ለዚህ ግን አልተዘጋጀም። አራት ልጆቹ አንድ በአንድ መጡበት። ቆላ ወርደው በዓመታቸው የተመለሱ ሰዎች ቢጫ ፊት መጣበት። አባቱ የተቀበረበት ደብር፣ ከቤቱ በላይ ያለው ቀርቀሃ፣ ነገ ሊወቃው የተከመረው ገብስ መጣበት። እነዚህ ሁሉ ለምህረቴም እንዳሉት ያውቃል። ማወቁ ግን ምላሱን አልፈታለትም።

"ሚስቴን ላማክር" አለ።

"እሺ ትላለች?"

"የሻረግ... እኔ እንጃ። ሴት ናት። ልጆቹ ደግሞ ትንንሾች ናቸው፣ ጓድ።"

"የሱ ሦስት ወሩ ነው" አለ ዓለምነው።

ሙሉሰው እግሩን ተመለከተ። በባዶ እግሩ ላይ የእርካቡ ብረት የላጠው ቦታ ደም አርግዟል። አሁን ነው የታየው። እርሳሱ ከስሙ ላይ ሳይነካ ቆየ፤ ሰው አንድ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት የሚደግምበትን ያህል ጊዜ ቆየ። ሙሉሰው እንቢም እሺም አላለም። ከጠረጴዛው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ያቺ አንድ እርምጃ ብቻ ነች። ዓለምነው እርሳሱን አነሣና ቀጣዩን ስም ጠራ።

ዞር ሲል ምህረቴ ከአጠገቡ ቆሟል። ሰልፉ ተጠግቶ ነበር። ሁሉን ሰምቷል፤ መስማቱ ፊቱ ላይ ነበር። ያ ሲመጣ ያየው ፈገግታ የለም። ቁጣም ግን የለበትም፤ ለእንግዳ ሰው የሚያሳዩት ዓይነት ፊት ብቻ ነው። ምህረቴ ምራቁን ቢተፋበት ሙሉሰው በወደደ።

እቴናት ሕፃኑን ታቅፋ ተነሥታ መጣች። ከግድግዳው ሥር ሆና ሲነጋገሩ አየች እንጂ የተባባሉትን አልሰማችም።

"ምን አለህ አበልጄ?" አለችው ሙሉሰውን። ከመጣ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ዋሽቼ ነው ብሎ ለካድሬው ሲናገር ከንፈሩን አይታ ይሁን ምን እንጃ፣ ድምፅዋ ለስልሷል፤ ያን ክፉ ሐሳቧን ትታዋለች።

ሙሉሰው ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰ።

"አልሆነም" አለ ምህረቴ በሱ ፋንታ። "ተለማምጦት ነበር፤ ለምኖት ነበር። እኔ ሰምቻለሁ። ዝርዝሩ ተዘግቷል አለው። ከላይ ተቆልፏል።"

እቴናት ሙሉሰውን አየችው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። "እግዜር ይስጥልን" አለችው። "እኔማ ስንት ነገር አስቤብህ ነበር። ይቅር በለኝ።"

ከዚያም ሕፃኑን አሳቀፈችው፤ የክርስትና አባቱ ይሰናበተው ብላ። ቢያድግልኝ ተኝቷል። ሙሉሰው ግንባሩን ስሞ መለሰላት። ምህረቴ ታጣቂዎቹ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአገውኛ ተናገረ።

"ቦራ ግራ ካልቆመ አይስብም፤ ታውቃለህ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቁስል አለው፤ ጭቃ ውስጥ አታስገባው።"

"ምህረቴ..."

"ሂድ እንግዲህ። ፈረሱ ይቀዘቅዛል።"

በስድስት ሰዓት መኪኖቹ ተነሡ። ሙሉሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አያቸው፤ ምህረቴ የመኪናውን ጎን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊት ነበር የሚያየው። እቴናት ግን ከሸራው ሥር አንገቷን አውጥታ፣ አቧራው እስኪጋርዳት ድረስ እጇን እያነሣች ተሰናበተችው።

ሙሉሰው ፈረሱ ላይ አልወጣም። ከእንጅባራ እስከ ቀርቀሃ ሜዳ ድረስ እየሳበው በእግሩ ሄደ። ግራዝማች ወርቅአየሁ ከመንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ አገኛቸው። ከሩቅ ብቻውን ሲያዩት ተነሥተው ቆሙ።

"ምን አሉህ ልጄ?"

"ዝርዝሩ ተዘግቷል አሉኝ" አለ።

ቃሉ እንዲህ በቀላሉ ይወጣል ብሎ አላሰበም ነበር። ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ መትተው መንግሥትን ከላይ እስከ ታች ረገሙ። ከዚያ የሙሉሰውን ትከሻ ያዙ። "አንተ ግን ሰው ነህ። ወደ ጅብ አፍ ገብተህ ዋሽቻለሁ ማለት ቀላል አይደለም። ሚስት ባይኖርህ የልጅ ልጄን እድርልህ ነበር" አሉት። ሙሉሰው ልጓሙን አስረከባቸውና አልፏቸው ሄደ።

ቤቱ ሲደርስ ልጆቹ ደጅ ላይ ተደርድረው ቆመዋል፤ ትልቋ ታናሿን አዝላለች። ፊታቸው ታጥቧል፤ የዓመት በዓል ልብሳቸውን ለብሰዋል። ሚስቱ የሻረግ ከውስጥ ወጣች። መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ታጥቃለች።

"ምን አሉህ?" አለችው።

"ዝርዝሩ ተዘግቷል አሉኝ። ከላይ ተቆልፏል አሉ።"

የሻረግ በሩን ተደገፈች። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠራረገች።

"ተይ እስቲ አታልቅሺ" አላት።

"አይ፣ እኔማ ተስፋ አድርጌ ነበር" አለች። "ጧት አንተ ከወጣህ በኋላ ሳስበው፣ ቁጥር ነው የሚፈልጉት፣ በምትኩ ሌላ ሰው አምጣ ይሉታል አልሁ። እንደዚያ ቢሉህ ብዬ፣ ለኔ ለመንገር ወዲያ ወዲህ ስትል እንዳይመሽብን ብዬ..." ንግግሯን ሳትጨርስ ወደ ውስጥ አመለከተችው።

ከምሰሶው ሥር ሁለት ጥቅል አለ። አንዱ በቁርበት የተጠቀለለ ነው፤ አንዱ በገመድ የታሰረ ማዳበሪያ ነው። ድስቱ፣ ቋቱ፣ ሞሰቡ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ዘር፤ ሁሉም ለመንገድ ተሰናድቷል። ምድጃው ላይ ያለው እሳት ጠፍቷል።

"የኛዎቹ ጠንክረዋል" አለች የሻረግ። "እቴናት ግን አራስ ናት፤ ሕፃኑም ቆላውን አይችለውም። እኔ ሳልሸክፍ ቀርቼ ነው ያልሆነው አልል፣ ሸክፌ ነበር።"

ሙሉሰው መናገር ነበረበት። ያን ጊዜ ቢናገር ኖሮ መኪኖቹ ገና በለስ አልደረሱም፤ ምናልባት የሚደረስባቸው መንገድ ይኖር ነበር። ባይኖርም መናገር ነበረበት። እሱ ግን ከመደቡ ላይ ቁጭ አለና የቆሰለ እግሩን ማየት ጀመረ።

"ምን ታደርግ" አለችው የሻረግ። "አንተ የምትችለውን አድርገሃል።"

ከዚያም ጎንበስ ብላ ገመዱን ፈታች፤ ዕቃውን አንድ በአንድ እያወጣች ወደ ቦታው መመለስ ያዘች።